ለአኒሞን ፓውዛ ይበቃዋልን? በጨዋማ ውሃ አኳሪየም ውስጥ ስለ መብራት ምርጫ

የጦሳ ግርጌ (ደሴ) – ኅዳር 6

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት ያለኝን ልግለጽ። ደሴ በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጨዋማ ውሃ አኳሪየም አለኝ። ውሃ ከተሞላ ዘጠኝ ወር አልፎታል፤ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦችና ጥቂት ቀንድ አውጣዎችም ያለ ችግር ኖረውበታል። ከአራት ሳምንት በፊት ግን ከጣቶቹ ጫፍ አረፋ መሳይ እብጠት ያለውን፣ ባብል ቲፕ የሚባለውን አኒሞን (አበባ መሳይ የባሕር እንስሳ) ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሲደርሰኝ ቡናማ ነበር፤ ሲዘረጋም የስኒ ማስቀመጫ ያህል ይሰፋ ነበር። አሁን እግሩን ከድንጋዩ አላቅቆ በመስታወቱ ላይ ወደ ላይ ይሳባል፤ ጣቶቹ ረዝመው እንደ ክር ቀጥነዋል፤ መልኩም ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል።

መብራቴ 50 ዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ነጭ ፓውዛ ሲሆን ከውሃው ገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ለዓይን እጅግ ይደምቃል፤ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ለሳሎኑ ሌላ መብራት አናበራም። ሻጩ 100 ዋት ብገዛ ችግሩ እንደሚፈታ ነግሮኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ እወዳለሁ፤ ለዚህ እንስሳ የሚበቃው መብራት ስንት ዋት ነው?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ) – ኅዳር 6

ወንድሜ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ እንጀራዬ ነውና ከቃሉ ልጀምር። ዋት መብራቱ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግርዎትም። አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት እንጀራ እንደሚወጣው ሳይታወቅ «ቤቱ ጠግቧል» እንደማለት ነው፤ ዱቄቱ ለማን እንደደረሰ አልታየም። በዚያ ላይ በርካሽ ፓውዛ ላይ የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው። እኔ በመለኪያ ካየኋቸው መካከል 50 ተብሎ ተጽፎበት 30 እንኳ የማይሞላ አጋጥሞኛል።

ሁለተኛው ነገር ፓውዛ የተሠራው ግቢ ለማብራት መሆኑ ነው። ብርሃኑን ወደ ጎን በሰፊው ይበትናል። ሳሎንዎ መድመቁ የሚያስደስት ቢመስልም፣ ሶፋው ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉ ከአኒሞኑ አፍ የተነጠቀ መሆኑን ያስቡበት።

እስቲ እነዚህን ይንገሩን፦ እንስሳው ከመንቀሳቀሱ በፊት የት ተቀምጦ ነበር? መብራቱስ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? በስልክዎ የላክስ (የብርሃን ድምቀት) መለኪያ ጭነው በውሃው ገጽ ከፍታ ላይ፣ መሀልና ጥግ ለይተው ቢለኩልን መነሻ ይሆነናል።

የባዮሎጂ መምህርት (ወልዲያ) – ኅዳር 7

በዚህ ርዕስ ዝም ማለት አልቻልኩም። አኒሞን አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ የኮራልና የጄሊፊሽ ዘመድ ነው። ሆኖም በሥጋው ውስጥ ዞዛንቴሌ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ቡናማ አልጌዎችን አኑሯል። እነርሱ በብርሃን ኃይል ስኳርና ሌሎች ምግቦችን ይሠራሉ፤ ከሠሩትም አብዛኛውን ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ እርሱ ደግሞ መጠለያና ከሰውነቱ የሚወጣውን ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል። የእርስዎ አኒሞን ቡናማ የነበረው በእነርሱ ምክንያት ነው። መልኩ ሲገረጣ የጠፋው ቀለም ብቻ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያለው እርሻ ነው። ጣቶቹን እንደ ክር ማርዘሙና ወደ ላይ መሳቡም ብርሃን ፍለጋ ሊሆን ይችላል። አኒሞን እንደ ተክል ሥር ሰዶ አይቀርም፤ ቦታው ካልተመቸው ተነሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ የፓምፑን መምጠጫ ዛሬውኑ በስፖንጅ ይሸፍኑለት፤ በጉዞ ላይ ያለ አኒሞን የሚሞትበት አንደኛው መንገድ እርሱ ነው።

ስለ መለኪያው ቦርከና ማዶ መንገዱን ጀምሮታል። ላክስ የሰው ዓይን የሚያየውን ድምቀት ይለካል፤ ዓይናችን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ነው። አልጌዎቹ በዋናነት የሚመገቡት ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ባለው ሰማያዊ ላይ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በባሕር ውስጥ ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ተውጦ ሲቀር ሰማያዊው ጠልቆ ይወርዳል። ለዚህም በዘርፉ ያሉ ሰዎች ፓር በሚባለው ልክ ይነጋገራሉ። ፓር ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው ብርሃን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ማይክሮሞል (የብርሃን ቅንጣቶች መቁጠሪያ) ሆኖ እንደሚያርፍ የሚነግረን ነው።

በአርቢዎች ልምድ ለባብል ቲፕ እንስሳው በተቀመጠበት ቦታ ከ100 እስከ 250 ፓር ይበቃዋል። ምንጣፍ አኒሞን የሚባሉትና ማግኒፊካ የሚባለው ትልቁ ዝርያ ግን ከ250 እስከ 400 እና ከዚያም በላይ ይሻሉ፤ ለጀማሪም አይመከሩም። ባብል ቲፕ በተፈጥሮው ሁለት ዓይነት አኗኗር አለው፦ በጥልቀት በሌለው ውሃ ትንንሾቹ ተሰባስበው ይኖራሉ፤ በጥልቁ ደግሞ ትልልቆቹ ለየብቻቸው ይቀመጣሉ። የብርሃን ፍላጎቱ ሰፊ የሆነውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

እንግዲህ «ስንት ዋት» የሚለውን ትተው «እርሱ በተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ስንት ፓር ይደርሳል» ብለው ይጠይቁ።

የጦሳ ግርጌ – ኅዳር 8

አመሰግናለሁ፤ የፓምፑን አፍ ትናንት ማታ ሸፍኛለሁ። እናቴ እስካሁን «አበባው» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ እንስሳ መሆኑን ስነግራቸው «ታዲያ ቀለቡ ምንድን ነው?» አሉኝ፤ አብዛኛውን የዕለት ቀለቡን አልጌው በብርሃን ሠርቶ እንደሚያቀርብለት ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

መልሱ ይኸው። አኒሞኑ የተቀመጠው ከታች፣ በቀኝ ጥግ ካለው ድንጋይ ሥር ነበር። መብራቱ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይበራል። በስልኬ የለካሁት በውሃው ገጽ ከፍታ መሀል ላይ 9,000 ላክስ፣ ጥጉ ላይ 3,000 አካባቢ ነው።

ቦርከና ማዶ – ኅዳር 8

እንደ ፓውዛዎ ላለ ነጭ ኤልኢዲ ላክሱን ለ70 ማካፈል ለግምት ያህል ወደ ፓር ያደርሳል። እንግዲህ መሀሉ ገጽ ላይ ወደ 130፣ ጥጉ ደግሞ 40 ቢሆን ነው። ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ሲወረድ ከመብራቱ ያለው ርቀት ከእጥፍ ይበልጣል፤ የሚበተን ብርሃንም በርቀቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በፈጠነ መጠን ይሳሳል። መስታወቱ ከውስጥ መልሶ የሚያንጸባርቀውን ብንጨምርለት እንኳ ከድንጋዩ ሥር 20 ፓር መድረሱን እጠራጠራለሁ። ያውም በስድስት ሰዓት ብቻ። እንስሳዎ በጨለማ ጓዳ ተቀምጦ ነው የሰነበተው።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ይህ የማካፈያ ቁጥር ሰማያዊ ለበዛበት መብራት አይሠራም። ሰማያዊውን የስልክ መለኪያ እጅግ አሳንሶ ስለሚያነበው ወደፊት መብራት ሲቀይሩ በዚሁ ዘዴ ለክተው «አነሰ» ብለው እንዳይጨምሩበት።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ) – ኅዳር 8

እኔ የጨዋማ ውሃ ልምድ የለኝም፤ ቆሮሶ ዓሣ እንጂ አኒሞን አላረባሁም። ነገር ግን የወሎ ፀሐይ እያለች ስለ መብራት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን አስፈለገ? መስኮቱን ከፍቶ መጋረጃውን መግለጥ አይበቃም? ባሕሩ ላይ ያለው አኒሞን መቼ ፓውዛ በራለት?

የጦሳ ግርጌ – ኅዳር 14

የሐይቅ ዳርን ምክር ሰምቼ ጉድ ሆንኩ። በእርሱ አልፈርድም፤ ሳልጠይቅ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። አኳሪየሙ ወደ ደቡብ ከሚያየው መስኮት አጠገብ ነው፤ ወፍራም መጋረጃ ስላለ ፀሐይ ነክታው አታውቅም ነበር። መጋረጃውን ለሦስት ቀን ገለጥኩት። አኒሞኑ በዚያ ጊዜ በመስታወቱ ላይ ከፍ ብሎ ደርሶ ስለነበር ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ድረስ ፀሐይዋ በቀጥታ ታርፍበት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ተዘርግቶ ስላየሁት ደስ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ተሸማቀቀ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ አፉ ተከፍቶ ከውስጡ እንደ ቡና አተላ ያለ ቡናማ ዝልግልግ ክር ሲወጣ ተመለከትኩ፤ ክሩ በውሃው ፍሰት ተስቦ ማጣሪያው ላይ ተጠመጠመ። የውሃው ሙቀትም ከ25 ወደ 29 ዲግሪ ወጥቶ ነበር። አሁን ጣቶቹ ሊያሳልፉ ምንም አልቀራቸውም፤ ከኋላው ያለው ድንጋይ በእነርሱ ውስጥ ይታያል። መጋረጃውን መልሼ ዘግቻለሁ። ሞቷል ብዬ ላውጣው ወይስ ተስፋ አለው?

የባዮሎጂ መምህርት – ኅዳር 14

እንዳያወጡት። የሞተ አኒሞን ይቀልጣል፤ ሽታውም ከበር ያስታውቃል፤ እንዲያ ሲሆን ብቻ ሳይውል ሳያድር መወገድ አለበት። የእርስዎ እግሩ መስታወቱን እንደያዘ ከሆነ፣ አፉም ተከፍቶ ካልቀረ፣ በሕይወት አለ።

ቡናማው ክር የተባረሩት አልጌዎች ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አልጌዎቹ ሊሠሩበት ከሚችሉት በላይ ብርሃን በድንገት ሲመጣባቸው፣ በተለይም ሙቀት ሲጨመርበት፣ ሥራቸው ተዛብቶ ለሥጋው መርዝ የሆነ የኦክስጅን ዓይነት ያመነጫሉ፤ እንስሳውም ራሱን ለማዳን ያባርራቸዋል። በኮራል ላይ መንጣት የሚባለው ይኸው ነው። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ስታርፍ ወደ 2,000 ፓር ትደርሳለች፤ ከ20 ፓር ጓዳ አውጥቶ ወደዚያ ማምጣት ከእስር ቤት የወጣን ሰው ወዲያው ቀና ብሎ ፀሐይዋን እንዲያያት እንደማስገደድ ነው።

ለሐይቅ ዳርም ልመልስ፤ ጥያቄው ተገቢ ነውና። በባሕር ውስጥ ያለው አኒሞን ፀሐይን የሚያገኛት በውሃ ተጣርታ ነው፤ በጣም በጠራ ባሕር እንኳ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ከግማሽ ያነሰው ብርሃን ነው የሚደርሰው። በእኛ አገር ያለው ሌላው እንቅፋት የመስኮቱ ፀሐይ አለመርጋቷ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ በደቡብ መስኮት ትገባለች፤ በሰኔ ግን ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ያው መስኮት አንዲት ጨረር አያገኝም። ከዚያም የሐምሌና የነሐሴ ጉም አለ። እንስሳው በበጋ ተቃጥሎ በክረምት ይራባል ማለት ነው።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው፤ መብራቱን ለጊዜው ደብዛዛ አድርገው ይተዉት፤ ሙቀቱን ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ያርጉት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከአፉ የማይበልጥ ቁራጭ የባሕር ሽሪምፕ ይስጡት። እርሻው የጠፋበት ገበሬ በስንቅ እንደሚከርም፣ አልጌው እስኪያንሰራራ ድረስ በዚህ ይቆያል። ትልቅ ቁራጭ ከሰጡት መልሶ ይተፋዋል፤ ውሃውም ይበላሻል።

ሐይቅ ዳር – ኅዳር 15

መምህርት፣ ተምሬበታለሁ። የጦሳ ግርጌ፣ አፉ በለኝ ወንድም ዓለም።

የአሰብ ሹፌር ልጅ (ባቲ) – ኅዳር 17

አባቴ ከኮምቦልቻ ተነሥተው በሚሌ፣ በሰርዶና በኤሊ ዳር በኩል አሰብ ድረስ እስከ 1990 ዓ.ም. ጭነት ያመላልሱ ነበር። ስለ ባሕሩ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚያነሡት የውሃውን ጥራት ነው፤ ከጀልባ ላይ ሆነው ታች ያለውን ድንጋይ መቁጠር ይቻል እንደነበር ይናገራሉ። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአኳሪየማችን ያለው ውሃ ከጊዜ በኋላ ቢጫነት ያመጣል፤ ያ ቢጫ ቀለም ደግሞ ለአልጌው የሚያስፈልገውን ሰማያዊ ብርሃን ለይቶ የሚውጥ ነው። ነጭ ወረቀት ከአኳሪየሙ በአንደኛው ጫፍ አድርጎ በሌላኛው ጫፍ መመልከት ነው፤ ወረቀቱ ጠላ ጠላ ካለ ማጣሪያው ውስጥ የተዘጋጀ ካርቦን ጨምሮ በየወሩ መቀየር ይረዳል። በላይኛው መክደኛ መስታወት ላይ የሚደርቀው ጨውም እንዲሁ ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠረገ ብርሃኑን ይሰርቃል። ሰው አዲስ መብራት ከመግዛቱ በፊት ያለውን መብራት መጥረግ አለበት።

ዋናው ጉዳዬ ግን የመብራት መጥፋት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለአኒሞኑ ብርሃን ነው፤ አኒሞን ግን ለሁለትና ሦስት ቀን ጨለማ አይሞትም። የሚገድለው የውሃው መቆም ነው። ጨዋማ ውሃ በተፈጥሮው ጨው ከሌለበት ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መብራት በርቶ እያለ አልጌዎቹ ራሳቸው ኦክስጅን ይሠራሉ፤ በጨለማ ግን እነርሱም ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ጨለማውና የፓምፑ መቆም አንድ ላይ ሲመጡ ጉዳቱ ድርብ ነው። አንድ ባትሪ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መጀመሪያ ለአየር መንፊያው ይግዛ፤ ቀጥሎ ለማሞቂያው ያስብ፤ መብራቱ መጨረሻ ይሁን። የደሴ የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለባለቤቱ አልነግረውም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ በአኳሪየሙ ዙሪያ መጠምጠም ብዙ ሙቀት ያቆያል።

ቆቦ ሜዳ (ቆቦ) – ኅዳር 18

ወደ መብራቱ ልመልሳችሁ። እኔ የምመክረው ቲ5 የሚባለውን ቀጭን ሸምበቆ መብራት ነው። ለ100 ሳንቲ ሜትር አኳሪየም 39 ዋት የሆኑት፣ 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙት አራት ቢሰቀሉ፣ ሁለቱ ሰማያዊ ሁለቱ ነጭ ሆነው፣ ብርሃኑ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ይዳረሳል። ኤልኢዲ ከአንድ ነጥብ ስለሚወርድ መሀሉን ያቃጥላል፣ ጥጉን ያጨልማል፣ ከድንጋዩ በታችም ድቅድቅ ጥላ ይጥላል። አኒሞን የሚንከራተተውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ቦርከና ማዶ – ኅዳር 18

በእኩልነቱ እስማማለሁ፤ ለወሎ ግን ቲ5ን አልመክርም። ሸምበቆዎቹ ባይቃጠሉም ብርሃናቸው እየደከመ ስለሚሄድ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለባቸው፤ ሰማያዊውን ሸምበቆ ደሴም ኮምቦልቻም ሱቅ ውስጥ አላየሁትም፤ በተጓዥ እጅ ማስመጣት ደግሞ መሰበርን ያስከትላል። በዚያ ላይ 156 ዋት ይበላሉ፤ ድምቀታቸውንም መቀነስ የሚቻለው በልዩ መሣሪያ ነው። አሁን ለነጣ እንስሳ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ከዝቅተኛ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ከፍ የሚል መብራት ነው።

ስለዚህ ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻቸው ማደብዘዣ ያላቸውን፣ በጥቁር ሳጥን መልክ የሚሠሩትን የአኳሪየም ኤልኢዲዎች እመርጣለሁ። ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። ሰማያዊው 450 ናኖሜትር አካባቢ መሆኑን፣ እያንዳንዱ አምፖል ሌንስ ያለው መሆኑንና ማደብዘዣው የእውነት መሥራቱን ነው። ሌንሱ ብርሃኑን ወደ ታች ስለሚሰበስብ ሶፋው ይጨልማል፤ አኒሞኑ ይበራለታል። ለ100 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አንድ ጠንካራ ሳጥን ከሚሰቅሉ ሁለት መለስተኛ ሳጥኖች ጎን ለጎን ቢሰቅሉ ቆቦ ሜዳ ያነሣው የጥላ ችግር በእጅጉ ይቃለላል።

ሜታል ሃላይድ የሚባለውን አምፖል ማንም እንዳይሸጥልዎት። ለደጋው ብርድ ሙቀቱ ደስ ቢልም 250 ዋት እየበሉ በየመብራት መቆራረጡ ዳግም እስኪበርዱ ድረስ የማይነሡ ናቸው።

ቆቦ ሜዳ – ኅዳር 19

የሁለቱን ሳጥን ሐሳብ እቀበላለሁ። የሸምበቆውን ነገር ግን ሱቅ አጥተን ተውነው እንጂ ተሸንፎ አልተውነውም።

የጦሳ ግርጌ – ታኅሣሥ 10

ሁለት ሳጥኖች ደርሰውኝ ተሰቅለዋል፤ ከውሃው 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ የሚገኝ አንድ ወዳጄ የፓር መለኪያ አውሶኝ ነበርና እንደ ቦርከና ማዶ ምክር በቁጥር ሠራሁ። ሰማያዊውን 25፣ ነጩን 10 ከመቶ ሳደርገው አኒሞኑ እንዲቀመጥበት ባሰናዳሁት ስንጥቅ ድንጋይ ላይ 60 ፓር አነበበ። በየሳምንቱ 5 ከመቶ እየጨመርኩ በስድስት ሳምንት ወደ 150 ላደርሰው አስቤያለሁ። ሰዓቱንም በራሱ ቆጣሪ ከ3 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ በድምሩ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ሞልቼዋለሁ።

አንድ ያሳሰበኝ ነገር ቢኖር፣ ከሥራ ወጥቼ ማታ ቤት ስደርስ መብራቱ ጠፍቶ፣ አኒሞኑም ተሸማቅቆ ኳስ አክሎ ነው የማገኘው። ብርሃኑ በዝቶበት ይሆን? ልቀንሰው?

የባዮሎጂ መምህርት – ታኅሣሥ 10

ምንም ነገር ከመቀነስዎ በፊት ቀትር ላይ የሚያየው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይጠይቁ። 60 ፓር የሚያሸማቅቀው አይመስለኝም።

የጦሳ ግርጌ – ታኅሣሥ 13

ጉዱ ተገኘ። እናቴ ለሱብሒ ሶላት ሲነሡ ሳሎኑ ሰማያዊ ሆኖ ያገኙታል፤ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ረስቼው የተኛሁ መስሏቸው ለኤሌክትሪኩ ሒሳብ በሆዳቸው ሲናደዱ ከርመው ትናንት ጠየቁኝ። ቆጣሪው የፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ነው! 3 ሰዓት ብዬ የሞላሁት በእርሱ ዘንድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ሲበራ፣ 12 ብዬ የሞላሁት ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሲያጠፋ ኖሯል። እኔ ማታ እየገባሁ «ታመመ» የምለው እንስሳ ሌሊቱ ሆኖበት የተኛ ነበር። እናቴ እንዳሉት ከሆነ ማለዳ ላይ እንደ ሰሐን ተዘርግቶ ነው የሚያገኙት። አሁን 9፡00 እና 18፡00 ብዬ አስተካክያለሁ።

የአሰብ ሹፌር ልጅ – ታኅሣሥ 13

በሳቅ ገደልከን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደፊት ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ባለ ጥርስ ታይመር ብትገዛ መብራት በጠፋ ቁጥር እርሱም ይቆማል፤ አራት ሰዓት ከጠፋ አራት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። የእኔው በአንድ ወር ውስጥ ቀኑን ሌሊት አድርጎት ነበር። ባትሪ ያለው መሆኑን አረጋግጠህ ግዛ፤ አለበለዚያ መብራት በመጣ ቁጥር ሰዓቱን መመልከት ነው።

የጦሳ ግርጌ – ጥር 25

ዛሬ በድንጋዩ ላይ 140 ፓር ተነቧል። ሁለት ጊዜ ለብዙ ሰዓት መብራት ስለጠፋብን በሁለቱም ሳምንት ጭማሪውን ዘልዬዋለሁ። አኒሞኑ በመጀመሪያ ያሰናዳሁለትን ስንጥቅ ንቆ ከጎኑ ያለውን መረጠ፤ እዚያ እግሩን ከከተተ ይኸው ሃያ ቀን ሆኖታል፤ አልተነቃነቀም። ከእግሩ በላይ ያለው ሥጋ ገና ነጣ ያለ ነው፤ ከጣቶቹ መሠረት ግን ቡናማው መመለስ ጀምሯል፤ በባትሪ ብርሃን ጠጋ ብዬ ሳየው ቀለሙ ከታች ወደ ላይ እንደ ሻይ ቅጠል እየተበተነ ይወጣል። አረፋው ገና በሦስት ጣቶች ላይ ብቻ ነው የታየው። ትልቁ ክላውንፊሽ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በመካከሉ ገብቶ ያድራል።

ሽሪምፑን በሳምንት አንድ ጊዜ ላድርገው ወይስ በሁለቱ ልቀጥል?

የባዮሎጂ መምህርት – ጥር 25

ጣቶቹ ሁሉ ቡናማ እስኪሆኑ ድረስ በሁለቱ ይቀጥሉ፤ ቁራጩን ግን ያሳንሱት፤ ከአሁን በኋላ ዓሣውም ከአፉ ሊነጥቀው ስለሚችል እስኪውጥ ድረስ አጠገቡ ይቁሙ። 150 ሲደርስም እዚያው ያቁሙት።